የወጣት ሰገራ ለአረጋዊ አንጀት? ከጣና ዳር የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት 26 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችውም፣ እኛን ያሳደገችውም ዘጌ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አባታችን ሲያርፍ ብቻዋን አትቀመጥም ብለን ባሕር ዳር እኛ ቤት አመጣናት። ያን ቀን ከጀልባው የወረደችው ማንም ሳይደግፋት ነበር። ዛሬ ከወንበር ለመነሣት ክንዴን ትይዛለች። ሆዷ አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ አንድ ሰሞን ይላላል፤ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ለጨጓራ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ፣ ለጥርስ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አራት ዙር አንቲባዮቲክ ወስዳለች። ከአራቱ አንዱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደውሎ፣ ከጤነኛ ወጣት ሰገራ ተወስዶ ወደ አረጋዊ አንጀት ሲገባ ሰውነትን ያድሳል የሚባል ሕክምና እንዳለ ነገረኝ። መጀመሪያ የሰማሁትን ተጠራጠርሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ካደርሁ በኋላ ግን ነገሩ ተረት እንዳልሆነ ገባኝ። ስለዚህ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ሰዎች በምንወያይበት በዚህ መድረክ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ሕክምናው በእርግጥ የሚሠራው ለምን በሽታ ነው? እርጅናን ያዘገያል የሚባለው ከምን ተነሥቶ ነው? ለእናቴ ዓይነት ሰውስ ተስፋ አለው?

በአሥር ቀን ውስጥ መልሶቹ 26 ደረሱ። አንዳንዱ ተሰርዟል፣ አንዳንዱ በጣም ረጅም ነው። ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር በራሴ ቃል በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ፤ የእኔንም ሐሳብ በየመሃሉ ጨምሬበታለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው ሰው በጣም ጨዋ ነበር። ለእናቴ ምሕረትን ተመኘላትና፣ ነገሩ ግን እንደከበደው ሳይሸሽግ ጻፈ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሰገራ ራቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ እየተባልን አድገን፣ ዛሬ መድኃኒት ነው ሲባል ልቡ እንዴት ይቀበለው፤ ጥያቄው ይህ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። በኋላ በዚህ የውይይት ክር ውስጥ የመጡት ስድቦች ብዙዎቹ ይህንኑ መጸየፍ በጨዋ ቃል መግለጽ ካቃታቸው ሰዎች የመጡ ይመስለኛል።

2ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ክሩን የተሸከመችው በውስጥ ደዌ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። የአንጀት ባክቴሪያ ቁጥሩ በትሪሊዮን እንደሚቆጠርና ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር እንደሚቀራረብ ከገለጸች በኋላ፣ ሕክምናው ተረጋግጦ የሚሰጠው ለአንድ በሽታ ብቻ መሆኑን አስረዳች። በሽታውን የሚያመጣው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ነባር ነዋሪ ሲጠርግ ይህኛው ባዶ መሬት ያገኛል፤ መርዝ እየረጨ ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል። ሌላ አንቲባዮቲክ ሲሰጡት ይሞታል፤ ነገር ግን መድኃኒት የማይነካው እንደ ዘር ያለ ቅርፊታም መልክ ስላለው ተደብቆ ይቆይና እንደገና ይነሣል። ከጤነኛ ሰው ሰገራ የሚገቡት ባክቴሪያዎች ቦታውን ይሞሉበታል፤ ከዚህም በላይ ሐሞትን ወደ ሌላ መልክ ስለሚቀይሩት ያ ዘር እንዳይበቅል ይከለክሉታል።

ማስረጃ ብላ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመውን የአምስተርዳም ጥናት ነው። በሽታው ከተመላለሰባቸው 16 ሕሙማን 13ቱ በአንድ ጊዜ የሰገራ ንቅለ ተከላ ዳኑ፤ ሲደገምላቸው ሁለት ተጨምረው 15 ሆኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት አራት ናቸው። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሰፋ ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። መልሷን የዘጋችው እናቴን በሚመለከት በሁለት ጥያቄ ነበር፤ ሰገራዋ ላይ ደም ታይቶ ያውቅ እንደሆነና የሰገራ ምርመራ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተደረገላት። እኔ በአምስተርዳሙ ቁጥር ተመስጬ ጥያቄዎቹን አልፌያቸው ሄድሁ። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

3ኛ መልስ። አንድ ታሪክ ወዳድ፣ ሕክምናው የዛሬ ግኝት እንዳይመስለን አረመን። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም በብርቱ ተቅማጥ ለተያዙ ሰዎች የሰገራ ብጥብጥ እንዳዘዘ፣ በዘመናዊው ሕክምና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ዴንቨር ላይ ቤን አይስማንና ባልደረቦቹ አራት ሕሙማንን በፊንጢጣ በሚገባ ፈሳሽ እንዳከሙ አመለከተ። ነርሷ እርማቱን በምስጋና ተቀበለችው።

4ኛ መልስ። ሚኒሶታ የሚኖር የአገራችን ልጅ የአክስቱን ነገር አካፈለን። ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ እየተነሡ፣ ሦስት ጊዜ ታክመው ሦስት ጊዜ አገርሽቶባቸው፣ በመጨረሻ የተሰጣቸው እንክብል ነበር። በቀን አራት አራት፣ ለሦስት ቀን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በፊንጢጣ የሚሰጠውን ሬባዮታን፣ በሚያዝያ 2023 ደግሞ በአፍ የሚወሰደውን እንክብል ቫውስትን አጽድቋል። አክስቱ እንክብሉ ከምን እንደተሠራ የተነገራቸው ከዳኑ በኋላ በቤተሰብ መሆኑን ሲጽፍ ብዙዎች ተቆጡ። ሐኪም ለታማሚ መንገር ያለበትን ቤተሰብ ማስቀረት እንደሌለበት እኔም አምናለሁ።

5ኛና 6ኛ መልስ። አንድ ተማሪ ለጋሹ እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቀ፤ ነርሷ መለሰች። አሜሪካ ውስጥ ኦፕን ባዮም የተባለው የሰገራ ባንክ ለመለገስ ከሚመጡት ሰዎች ከመቶ ሦስቱን እንኳ አይቀበልም ነበር። የደም ምርመራ አለ፣ የሰገራ ምርመራ አለ፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለወሰደው መድኃኒት፣ ስለ አእምሮ ጤናው ረጅም ጥያቄ አለ። ክብደት ለምን ይጠየቃል ለሚል አንባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአንዲት ሴት ታሪክ አለ። ከልጇ ተወስዶ የተሰጣት ይህቺ ሴት ተቅማጡ ለቀቃት፤ ከዚያ በኋላ ግን በፊት ወፍራም ያልነበረችው ሴት እንደ ልጇ ወፈረች። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን ነርሷ ራሷ አስጠንቅቃለች።

7ኛ መልስ። ይህን መልስ ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ መጸየፌ ለቀቀኝ። ጸሐፊው ፎገራ አካባቢ የሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ላም ታማ ማመንዠክ ስታቆም፣ ከጤነኛ ከብት ከርስ የተወሰደ የፈርስ ፈሳሽ እንደሚሰጣትና እንደገና ማመንዠክ እንደምትጀምር ጻፈ። በእንስሳት ሕክምና የቆየ ዘዴ ነው። ላም ሣሩን ብቻዋን አትፈጨውም፤ የሚፈጩላት በከርሷ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። እነሱ ሲያልቁባት በሣር መካከል ቆማ ትራባለች። የእናቴ ትሪ ሞልቶ ሥጋዋ ሲያልቅ ሳይ የተሰማኝ ይኸው ነበርና ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብሁት።

8ኛ መልስ። የሥነ ሕይወት መምህር የሆነች እህት ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ አሻገረችን። እርጅናን በተመለከተ ወሬው የተነሣው ከዓሣ ነው። በዚምባብዌና በሞዛምቢክ ዝናብ ባቆረው ኩሬ ውስጥ የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ኩሬው ሳይደርቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እንቁላል ጥሎ መጨረስ ስላለበት ዕድሜው የወራት ነው። ኮሎኝ፣ ጀርመን ባለው የማክስ ፕላንክ የእርጅና ሥነ ሕይወት ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ መካከለኛ ዕድሜ ላይ የደረሱትን ዓሦች አንጀት በአንቲባዮቲክ አጥበው የወጣት ዓሦችን የአንጀት ይዘት ሰጧቸው። ዓሦቹ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ፤ በእርጅናቸውም ሲዋኙ የቀለጠፉ ሆኑ። ቆሮሶና አምባዛ ሲወጣ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ማስረጃ ከሁሉ ይቀርባል።

9ኛ መልስ። ያችው መምህር አይጦቹን ጨመረች። በስፔን ኦቪዬዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያለ ዕድሜያቸው እንዲያረጁ ሆነው የተወለዱ አይጦች ከጤነኞች ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው ረዘመ። በአየርላንድ ኮርክ በ2021፣ ያረጁ አይጦች ከወጣቶች ሲሰጣቸው በትምህርትና በማስታወስ ፈተና ተሻሻሉ። በእንግሊዝ ኖሪች በ2022 ደግሞ ወዲያና ወዲህ ተሞከረ፤ የወጣቱ ለአረጋዊው ሲሰጥ በአንጀት፣ በዓይንና በአንጎል የሚታየው የእርጅና ብግነት (የሰውነት ውስጣዊ ቁጣ) ቀነሰ፤ የአረጋዊው ለወጣቱ ሲሰጥ ግን ብግነቱ ወደ ወጣቱ መጣ። ምክንያቱ እንዲህ ተብሎ ይታሰባል፦ ስናረጅ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፣ ከባክቴሪያ የሚወጣው ነገር ወደ ደም ያመልጣል፣ ሰውነት ሁልጊዜ በቀስታ ይቆጣል፤ ይህ የማይበርድ ቁጣ ጡንቻንና አንጎልን ይበላል። አሰር (ፋይበር) ካለው ምግብ ቡቲሬት የሚባለውን አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ግድግዳውን ይመግቡታል።

10ኛ መልስ። ወዲያው ተቃውሞ መጣ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው፣ አይጥ በተፈጥሮዋ የራሷንና የጓደኛዋን ኩስ የምትበላ፣ በአንድ ጎጆ ተዘግታ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ዓይነት መኖ የምትመገብ እንስሳ መሆኗን አስታወሰ። በሰው ላይ ዕድሜ ስለመርዘሙ የቀረበ ማስረጃ ስለሌለ፣ ከአይጥ ዘልሎ ወደ እናቴ መምጣት ስሕተት መሆኑን በቀጥታ ጻፈ። ቃሉ ደረቅ ነበር፤ እውነት ስለሆነ ግን ተቀበልሁት።

11ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነገሩ አስፈራኝ። አንድ ሰው አባቱ ሰማንያ ዓመት እንደሆኑ፣ ቤቱ ውስጥ ታሞ የማያውቅ የ19 ዓመት ኳስ ተጫዋች የወንድም ልጅ እንዳለው፣ ስለዚህ በጨው ውሃ በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ ቤቱ ሊሞክረው እንደሆነ ጻፈ። የሚያስፈልገው መጠኑን የሚነግረው ሰው ብቻ ነበር። አባቱን እንደሚወድ ከጽሑፉ ያስታውቃል። እኔም ሌሊት ሳነብ ያደርሁት በዚያው ልብ ነበር።

12ኛ መልስ። ነርሷ ተቆጣች። እስከዚያ ድረስ እህቴ፣ ወንድሜ እያለች ስትጽፍ የነበረች ሴት አክብሮቱን ትታ መጠን እንደማትነግረው፣ ማንም እንዳይነግረው፣ ከነገረውም እንዲሰረዝ እንደምታስደርግ ጻፈች። ምክንያቷን ግን አልደበቀችም። የአሜሪካው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ጠቀሰች። በጥናት ላይ፣ በሐኪም ክትትል ሥር፣ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሁለት ሕሙማን የተሰጠው ሰገራ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነበረበት፤ ለጋሹ ለዚያ ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር። ሁለቱም በጠና ታመሙ፣ አንዱ ሞተ። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ከደረሰ፣ በእኛ አገር ቤት ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን አስቡት ለማለት ዘረዘረች። ጃርዲያና አሜባ ምንም ሳያሳምሙ አንጀት ውስጥ ይቀመጣሉ። የታይፎይድ ባክቴሪያ በሐሞት ከረጢቱ ተሸክሞ ለዓመታት ጤነኛ መስሎ የሚኖር ሰው አለ። የጉበት ቫይረስ አለ። አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ በሚሸጥበት ከተማ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ በስንቱ ኳስ ተጫዋች አንጀት እንዳለ ማን ያውቃል።

13ኛና 14ኛ መልስ። ሰውየው መለሰ፤ አመላለሱን አልደግመውም። ነርሷን የነጭ መድኃኒት ነጋዴ አገልጋይ አድርጎ ሣላት፤ ስለ ሴትነቷም መጻፍ የሌለበትን ጻፈ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ጽሑፉን ሰርዞ፣ የክርክሩን ሐሳብ ትቶ ሰውን የሚያዋርድ ከክሩ እንደሚወጣ አሳሰበ።

15ኛ መልስ። አንድ አባት ገቡ። ዕድሜያቸውን አልነገሩንም፤ አጻጻፋቸው ግን የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ለዛ አለው። ስለ ሕክምና እንደማያውቁ፣ የሚያውቁት እምቦጭ መንቀል መሆኑን አስቀድመው ተናገሩ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ በዘመቻ ወጥተው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ጀርባቸው እስኪደነዝዝ ነቅለዋል። ዳርቻው ይጸዳል፤ ውሃው ፊቱን ይገልጣል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጥላል። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል። ጎርፉ ከእርሻው አፈሩንና ማዳበሪያውን ይዞ ይገባል፣ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት የቆየው ዘር ይበቅላል፣ ያ የጸዳው ዳርቻ እንደገና ይሸፈናል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር። የአረጋዊው ምግብ ያው፣ ክኒኑ ያው፣ ተቀምጦ መዋሉ ያው ከሆነ፣ ከወጣቱ የመጣው መልካም ዘር በምን ይጸናል?

ከሃያ ስድስቱ መልሶች ሐሳቤን የለወጠው ይህ ነው። እኔ የምፈልገው ተክሉን ነበር፤ እሳቸው ያሳዩኝ ጎርፉን ነው።

ከ16ኛ እስከ 18ኛ መልስ። እምቦጭ ከተነሣ ባሕር ዳር ላይ ዝም የሚል ሰው የለም። ማሽኖቹ የት ደረሱ፣ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚለቀው ማነው፣ የደንገል ታንኳ የሚሠራ ወጣት እየጠፋ ነው። ከርእሱ ራቅን። መሃል ላይ ግን አንድ ሰው ወደ 12ኛው ተመልሶ፣ የሐይቁ ዳር ልጅ ሰገራ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታም እንደሚያስተላልፍ ጨመረ። 18ኛው፣ ያው የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ አረመው። የቢልሃርዚያ እንቁላል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም፤ ውሃ ውስጥ መፈልፈል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ መባዛት፣ ከዚያ ወጥቶ የሚታጠብን ወይም የሚዋኝን ሰው ቆዳ መብሳት አለበት። ጣና ዙሪያ የሚገኘው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ ሳይታከም ከቀረ ሰው ውስጥ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ይህን ያነበብሁት ከርእስ የወጣ ጨዋታ አድርጌ ነበር።

19ኛ መልስ። መምህሯ የእኒያን አባት ጥያቄ በቁጥር መለሰችው። አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን መታዘዝ የቀነሰባቸው 18 ወፍራም ወንዶች ተጠንተው፣ ከቀጭን ለጋሽ የተሰጣቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ ተሻሻሉ። በ2017 በ38 ሰዎች ሲደገም በስድስተኛው ሳምንት መሻሻሉ ታየ፤ በ18ኛው ሳምንት ግን ጠፍቶ ነበር። ነባሩ ቦታውን መልሶ ያዘ። እኒያ አባት ከውሃው ዳር ሆነው ያዩትን ሰዎቹ በላቦራቶሪ አዩት።

20ኛ መልስ። የሥነ ምግብ ባለሙያ የሆነ ወንድም፣ ለእናቴ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበውን ጥናት አመጣ። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 178 አረጋውያን ተመርምረው ነበር። በቤታቸውና በሰፈራቸው የሚኖሩት አንጀት የብዙ ዓይነት ባክቴሪያ መኖሪያ ነው፤ መጦሪያ ተቋም ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖሩት ግን ዓይነቱ አንሷል፣ የአንጀታቸውም ድህነት ከደካማነታቸው ጋር ተያይዟል። ልዩነቱን የሚከተለው ምግባቸው ነው። ቀጥሎ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 612 አረጋውያን ለአንድ ዓመት አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የበዛበት ማእድ ተመድቦላቸው፣ ምግቡን በደንብ የተከተሉት ከድካም ጋር የሚያያዙ ምልክቶቻቸው ቀንሰው መታየታቸውን ጠቀሰ። ያ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

ስልኩን አስቀምጬ ማጀት ገባሁ። ዘጌ ሳለች እናቴ የምትበላው የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ተልባ ነበር። በጾሙም በፍስኩም ከጓሮዋ የማይጠፋ ቅጠል ነበራት። እኛ ቤት ጥርሷ እንዳይቸገር ብለን በነጭ ዳቦ፣ በሩዝ፣ በማካሮኒና በብስኩት ይዘናታል። በፍቅር ነው ያደረግነው። ስድስት ዓመት ሙሉ።

21ኛና 22ኛ መልስ። አንዲት እህት በእንጀራ እርሾ ታምናለች፤ ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ሊጥ ስንበላ ኖረናልና ሌላ ነገር እንደማያስፈልገን ጻፈች። 22ኛው በትሕትና አረማት። አብሲት ተጥሎ ኩፍ ያለው ሊጥ ሕያው ነው፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን የሚተርፍ የለም። እንጀራው የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ አሰሩና ሲቀዘቅዝ የማይፈጨው ስታርች ለአንጀት ባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። ሕያው ሆኖ የሚገባው እርጎ ነው፤ እሱም ካልተፈላ ወተት ከሆነ የብሩሴላና የነቀርሳ ስጋት አለበት። ስታንፎርድ ላይ 36 ሰዎች ለአሥር ሳምንት ሲጠኑ፣ የተብላላ ምግብ ያበዙት የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዝቶ የብግነት ምልክታቸው ቀንሷል። ከኪሊማንጃሮ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። 77 ወንዶች ተሳትፈውበት፣ የአያቶቻቸውን ምግብ ትተው ወደ ፋብሪካ ምግብ የዞሩት በሁለት ሳምንት ውስጥ ብግነታቸው ጨመረ፤ ወደ አያቶቻቸው ምግብ የተመለሱት ቀነሰላቸው። ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠመቀውን መጠጣቸውን የጠጡትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጠላ ተነሣና ስለ ድፍድፍና ስለ ጌሾ መጠን ረጅም ጨዋታ ሆነ፤ አልፌዋለሁ። ሆኖም እርጎን ለዕድሜ መርዘሚያ የሰበከው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ያ ሳይንቲስት፣ በ71 ዓመቱ እንዳረፈ 3ኛው ሰው ተመልሶ አስታወሰን።

23ኛ መልስ። ከሁሉ የመረረው ይህ ነው። ንጹሕ ውሃ ባልደረሰበት ቀበሌ ሕፃናት በተቅማጥ እየሞቱ፣ ባለጸጎች ወጣትነታቸው ሲያልፍ መልሰው ሊገዙት የሚመኙበትን ነገር እዚህ መወያየታችን እንዳሳፈረው ጻፈ። ሰው ወጣት ሳለ የራሱን ሰገራ አስቀምጦ ሲያረጅ ቢጠቀምበት የሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2022 በሳይንቲስቶች መቅረቡን ጠቅሶ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማቀዝቀዣው የማን ሊሆን እንደሆነ ጠየቀ። እኔንም በስም ባይሆን በተዘዋዋሪ ወቀሰኝ።

24ኛ መልስ። የእኔ ነው። ውሃው እንደሚቀድም ተስማማሁ። ነገር ግን እናት ስትደክም ያየ ልጅ ከየትም ይሁን ተስፋ ቢፈልግ ነውር እንደሌለው፣ የድሃ አገር አረጋዊም ስለ እርጅናው የሚያስብለት ሰው እንደሚገባው ጻፍሁ። ያለ ትእዛዝ የገዛሁላትን መድኃኒትም እንደገና አነሣሁ፤ ያንን ያደረግን ብዙ ነንና። 23ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልመለሰም።

25ኛ መልስ። ነርሷ በአጭሩ ጻፈች። በ2ኛው መልሷ የጠየቀችኝን ሁለት ጥያቄ እስካሁን እንዳልመለስሁ አስታወሰችኝ። የ76 ዓመት ሴት ክብደት እየቀነሰ ሆዷ ሲታወክ፣ ምግብ ለወጥሁ ባክቴሪያ ተካሁ ከማለት በፊት መመርመር እንዳለባት፤ አንድ ጊዜ የተደረገ የታይፎይድ የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት፤ የሰገራ ምርመራውም በተለያዩ ቀናት መደጋገም እንዳለበት፤ የሐይቅ ዳር ሰው መሆኗንም ለሐኪሙ እንድነግር። እናቴን ስለ ደሙ ጠየቅኋት። አንዳንዴ እንደምታይ፣ ለእኛ መንገር ግን እንዳፈረች ነገረችኝ።

26ኛ መልስ። ይህም የእኔ ነው፤ የዛሬው። ለእናቴ ወጣት ሰገራ ስፈልግ የሷን ያየላት አልነበረም። በሁለት ቀን ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን የቢልሃርዚያ እንቁላል ታየ። የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በክብደቷ ልክ ተሰልቶ ተሰጣት፤ ሐኪሙ ክብደቷ የቀነሰው በዚህ ብቻ ነው ብሎ ስላልተማመነ ሌሎች ምርመራዎችም ታዘውላታል። ነርሷ በየወሩ ክብደቷን እዚሁ እንድጽፍ ጠይቃኛለች፤ የዛሬው 43 ኪሎ ነው። ዳጉሳውን አስፈጭተናል፤ ንፍሮው ለጥርሷ እንዲሆን በደንብ ይበስላል።

ትሉ ከየት እንደሚመጣ ሳስረዳት እናቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ በልጅነቷ ልብስ የሚያጥቡበትን የውሃ ዳር፣ ድንጋዩን፣ ዋርካውን ነገረችኝ። አብረዋት ያጥቡ የነበሩትን ሰባት ሴቶች በስማቸው ጠራቻቸውና፣ እነሱን ሄዶ ያየ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ስማቸውን ጽፌ ይዣለሁ። አራቱ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ቅዳሜ በጀልባ እሄዳለሁ።